የተኩላው ዜማ አውጪ

ቱሪድ ቋንጣ ልትቆርጥ ገብታ ሬሳ አገኘች።

ከክላክስቪክ ከተማ ያመጣቻት የጠዋት ጀልባ ከማዕበሉ ጋር ስትላፋ አንጀቷን ገልብጣው ነበር። ስለዚህ ከቤቷ ጀርባ ካለው የቋንጣ ቤት አንዲት ቁራጭ የደረቀ የበግ ሥጋ ቆርጣ አፏን ልታጣፍጥ ብቻ ነበር ሐሳቧ። የመንደሯ የስኮራቪክ የቋንጣ ቤት ግድግዳ ጥርሱ እንደ ተነቀለ አፍ ነው፤ በየጣውላው መሃል ክፍተት አለው፣ የባሕር ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። በሩን ገፋችው፤ እምቢ አለ። በትከሻዋ ስትገፋው አንድ የሰው እግር አብሮ ተገፋ።

ባርዱር ነበር፤ "ጋርሙር" የተባለው የመንደሩ ባንድ ዘፋኝ። ባንዱ ስሙን የወሰደው በሲኦል በር ላይ ከታሰረው ውሻ ነው፤ የጥንቶቹን አማልክት ተረትና የአያቶችን ዜማ በጊታርና በድራም እያናጋ ከጀርመን እስከ ፊንላንድ ወጣቱን አሳብዷል። ትናንት ማታ ግን የተጫወቱት ለመንደራቸው በዓል፣ በመንደራቸው አዳራሽ ነበር። ባርዱር ጢሙ እንደ ተጎነጎነ፣ ለመድረክ የተኳለው ጥቁር ቀለም ጉንጩ ላይ እንደ ፈሰሰ፣ ከተሰቀሉት በጎች ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ከጎድን አጥንቱ ሥር ካራ ተተክሏል።

ካራውን ለማወቅ መንበርከክ አላስፈለጋትም። አባቷ ዓሣ ነባሪ ያርዱበት የነበረ፣ እሳቸው ከነጀልባቸው ሰምጠው ከቀሩ ወዲህ እዚሁ ቤት ምስማር ላይ የሚንጠለጠል የቤተሰቡ ካራ ነው። እጀታው ላይ ታናሽ ወንድሟ ሆግኒ በልጅነቱ ስሙን ቆርቁሮበታል። ፊደሎቹ አሁንም እንደ ተንጋደዱ ናቸው።

ቱሪድ ፖሊስ ናት፤ ኢንስፔክተር ናት። ከዚያ በፊት ግን ያን ልጅ በማንኪያ አብልታ ያሳደገች እህት ናት። በጣውላው ክፍተት ባሕሩን አየችው። እዚያው ከደጃፉ ሥር ይፈላል። አንድ ውርወራ ነው። ማን ያያል? እጇ ተነሣ። ያን ጊዜ አንዱን እጇን በሌላው ያዘችው፣ የሌባ እጅ እንደሚያዝ።

ካራው እዚያው ቀረ።

ኢንስፔክተሯ ሥራዋን ጀመረች። በነፋሱ በኩል ባለው የባርዱር ሹራብ ላይ የበረዶ ፍሬ ከሱፉ ጋር ተጣብቆ ረግቷል። ዙሪያው ያለው ጣውላ ረጥቧል፤ ከሬሳው ሥር ያለው ግን እንደ አጥንት ደረቅ ነው። በረዶው ሲወርድ ሰውየው ወድቆ ነበር ማለት ነው። መቼ እንደ ወረደ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ዋና ከተማዋ ቶርስሃውን ያለው አለቃዋ ስልኩን ያነሳው በአፉ ምግብ ይዞ ነው።

"ካራው የማን ነው?"

"የእኛ ቤት ነው።"

ማላመጡ ቆመ። "'ከበጎቹ ጋር እሰቅልሃለሁ' ያለውስ ወንድምሽ አይደለም?"

"ይህን ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል፣ ቪዲዮው ልጄ ስልክ ላይ ደርሷል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ባርዱር ከባንዱ አባርሬሃለሁ ሲለው፣ ሆግኒ ጊታሩን ጥሎ እንዲህ ሲል። እናም የተባለው ሰው ከበጎቹ ጋር ተገኘ። ስሚኝ ቱሪድ። ሆግኒን ቆልፊበትና ቁጭ በይ። ነፋሱ ሲበርድ ሄሊኮፕተር እልካለሁ። ምርመራው ያንቺ አይደለም።"

"ገባኝ።"

"ቁጭ በይ ነው ያልኩሽ።"

"ቁጭ ብዬ ነው የማወራዎት" አለች፣ ቆማ፣ አንድ እግሯ ከደጅ ወጥቶ።

ሆግኒን ያገኘችው በባሕሩ ዳር፣ በተገለበጠች ጀልባ ሥር ነው። ሹራቡ ረጥቦ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ማታ የጠጣው ገና ከዓይኑ አልወጣም። ስትነግረው አላለቀሰም። እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?"

ከዚህ የባሰ ነገር ሊናገር አይችልም ነበር። ክዶ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

"አንተ ነህ የምትነግረኝ እንጂ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ጀልባዋ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰምቻለሁ። ጀርባዋን ሲደበድባት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከዚያ በፊትም… ከአዳራሹ ወጣሁ፣ ጠርሙሱ ነበር፣ ከዚያ በረዶው።" አሁንም እጆቹን ያያል። "ብዬዋለሁ አይደል? ከበጎቹ ጋር ብዬዋለሁ።"

"ሌላ ሰው ፊት ይህን አፍህን እንዳትከፍተው።"

ስኮራቪክ እስር ቤት የላትም። በድሮው የጨው መጋዘን ቆለፈችበት፤ ቁልፉን በአንገቷ አንጠለጠለችው። ነፋሱ ቁልፉን ደረቷ ላይ ሲያወዛውዘው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበሉ እንዳይበርድ ጸለየች።

*

ትናንት ማታ የሆነውን ለማወቅ የስኮራቪክን ጭፈራ ማወቅ ይበቃል። ባንዱ መሣሪያውን ካስቀመጠ በኋላ ያለ ጊታር፣ ያለ ምንም፣ የጥንቱ የክብ ጭፈራ ይጀመራል። ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ሽማግሌው ቱማስ ዜማውን ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ወለሉ በእግር ይደለቃል። ቀለበቱ ከአዳራሹ ስለሚሰፋ እየታጠፈ በራሱ ውስጥ ይገባል። የሚወጣ ይወጣል፣ የሚገባ ይገባል፤ ቀለበቱ ወዲያው ይገጥማል። ሁለቱም እጅ ስለተያዘ ስልክ የሚያነሳ የለም። ጠቡን የቀረጸው መንደር ሁሉ ከዚያ በኋላ አንዲት ምስል የለውም።

የሚወጣውም ሁልጊዜ አንድ ዜማ ነው፤ አማልክት ተኩላውን እንዴት እንዳሰሩት የሚተርከው። ሰንሰለት ሁሉ በጠሰባቸው። በመጨረሻ እንደ ሐር ቀጭን የሆነ ክር አስፈተሉ። ተኩላው ግን ተጠራጠረ፤ ከእናንተ አንዱ እጁን አፌ ውስጥ ካላስያዘኝ አልታሰርም አለ። ቲር የሚባለው አምላክ እጁን ሰጠ፣ እጁን አጣ። ስኮራቪክ ጊዜ የሚቆጥረው በዚህ ዜማ አንጓዎች ነው። "ክሩ ሲፈተል ወጣሁ፣ ተኩላው ሲታሰር ተመለስኩ" ይላል ሰው፣ ሌላው አገር ሰዓት እንደሚል።

ባርዱር ዜማው ሲጀመር ቀለበቱ ውስጥ ታይቷል። በረዶው ሲወርድ ሞቷል። ስለዚህ ቱሪድ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ እየጠራች የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ። ቀኝህን ማን ያዘ፣ ግራህን ማን ያዘ? በረዶው ሲወርድ የትኛው አንጓ ላይ ነበራችሁ? ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የባሕር ዛጎል ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች ቀለበቱን መልሳ ትሠራዋለች።

መጀመሪያ የገባችው የባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ራንቫ ናት፤ ፊቷ በልቅሶ አብጦ፣ ምላሷ ግን እንደ ወትሮው።

"በቀኜ ሞርታን። በግራዬ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፤ ጣቶቼን እንደ ሎሚ ስትጨምቃቸው አመሸች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ባርዱርን የሚጠላ ነበር?"

"ማን የማይጠላው? እኔ ራሴ ማክሰኞ ማክሰኞ እጠላው ነበር። ደግሞ ድምፁን ሲያወጣ ሁሉን ትረሺዋለሽ።"

"በረዶው ሲወርድ የትኛው አንጓ ላይ ነበራችሁ?"

ራንቫ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። "እ… መሃል ላይ።"

"መሃል የቱ ነው?"

"ዜማው ረጅም ነው ቱሪድ። ሁሉን ማን ያስታውሳል?"

በስኮራቪክ የተወለደ ሰው ይህን ከሚል የእናቱን ስም ረሳሁ ቢል ይቀላል። ቱሪድ ዛጎሏን አስቀመጠች።

የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ወለሉን አየች። ሁለቱ ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ወለሉን አዩ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ፣ ከዚያም ወለሉን አየ። እጅ ለእጅ የተያያዘውን ሁሉም ሳይጠራጠር ይናገራል፤ አንጓው ሲጠየቅ አፉ ይዘጋል።

ሳካሪስ ሲገባ ተስፋዋ ተነሣ። ሳካሪስ የእሑድ ሰባኪ ነው፤ "ጋርሙር" ልምምድ ላይ ሳለ አንዴ የአዳራሹን መብራት ቆርጦባቸዋል፣ ባርዱርን በመንገድ "የሰይጣን ደወል" ብሎ ሰድቦታል።

"ማታ የት ነበርክ?"

"ቤቴ። ቃሉን ሳነብ።"

"የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ግራ እጄን የያዘው ሳካሪስ ነው ብላኛለች።"

ሳካሪስ ጆሮው ቀላ። "ሴትዮዋ ዓይኗ ደካማ ነው።"

"እጇ ግን ደካማ አይደለም። እስቲ ጣቶችህን አሳየኝ።"

እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ትንሽ ቆይቶ፣ እንደ ተያዘ ልጅ፣ "ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ ነበር" አለ። "በኋላ በር ገባሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጌታ ያውቀዋል፤ ሚስቴ ግን አታውቅም።"

"አልነግራትም። በረዶው ሲወርድ የትኛው አንጓ ላይ ነበራችሁ?"

"እሱን አልመሰክርም።"

"ሰው ሞቷል ሳካሪስ።"

"የሰውን ኀፍረት የሸፈነ ብፁዕ ነው" አለና ተነሣ። "የኖኅ ልጆች እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነው ያለበሱት።"

ቱሪድ ቁልፉን በሹራቧ ላይ ጨበጠችው። የሰውን ኀፍረት። መንደሩ ሁሉ አንድ ነገር አይቷል። ሆግኒ ካራ ይዞ በመስኮት ሲያልፍ አይተው ይሆናል፤ ለእሷ አዝነው ነው ወለሉን የሚያዩት። ምሕረታቸው ነው የሚገድላት።

ያን ጊዜ ሞርታን ገባ። የባንዱ ድራም መቺ፣ የሽማግሌው ቱማስ ብቸኛ ልጅ፤ ከተናገረበት ቀን ያልተናገረበት የሚበልጥ ዝምተኛ። ለሆግኒ ደረቅ ካልሲ ይዞ መጥቷል።

"ስጪው። የጨው ቤቱ ወለል እግር ይበላል።"

"እግዜር ይስጥህ። ማን ያዘህ?"

"ራንቫ በግራ። በቀኝ መምህሩ።"

"በረዶው ሲወርድስ?"

ሞርታን ወለሉን አላየም። ፊት ለፊት አያት። "ቲር እጁን ተኩላው አፍ ውስጥ ሲከት ነበር። ጣሪያው በበረዶ፣ ወለሉ በእግር፣ መሃሉ በአባቴ ድምፅ። እንዲያ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም።"

እንባዋ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሰው የመለሰላት እሱ ብቻ ነው። ዛጎሉን ከሌሎቹ ይልቅ ጠበቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሲወጣ የጣቶቹን ጫፍ አየች፤ ቆዳቸው ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ሆነዋል። ድራም መቺ ነው፣ አለች በልቧ።

*

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ድምፁን ቀየረ። የደሴት ሰው ይህን አይስተውም፤ ይጮህ የነበረው ማጉረምረም ጀመረ። ቱሪድ ከዛጎሎቹ ፊት ተቀምጣ ታየዋለች። ቀለበቱ ሙሉ ነው፤ አንድ ክፍተት የለውም። ቀዳዳው ሆግኒ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀለበቱ ውጭ።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። "አብራሪው እየተዘጋጀ ነው። ልጁ ተናገረ?"

"አልጠየቅኩትም። ቁጭ በይ ብለውኝ የለ?"

"አንቺ ቁጭ ብለሽ አታውቂም። ተናገረ ወይ?"

"አያስታውስም።"

"የማያስታውስ ደግሞ የተባለውን ሁሉ ይፈርማል" አለ አለቃው፣ በክፋት ሳይሆን በልምድ። "አዝናለሁ ቱሪድ።"

ስልኩን ዘጋችና ዛጎሎቹን በመዳፏ ልትደፋቸው ቃጣት። ያዛት ነገር ቢኖር ሐፍረት አልነበረም፤ አንዲት ሐሳብ ናት። ወለሉን ያየው ሁሉ ቀለበቱ ውስጥ የነበረ ነው። አውቆ የሚደብቅ ሰው ነው ወለል የሚያይ። የማያውቅ ሰው ግን ምን ይደብቃል? የማያውቅ ቀና ብሎ ይመልሳል።

ቀና ብሎ የመለሰው አንድ ሰው ነው።

ሽማግሌውን ቱማስን ቤታቸው በመስኮቱ ትይዩ ሳይሆን በግድግዳው ትይዩ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከፊታቸው ያለው የዓሣ ሾርባ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ልጅ ሳለች ዜማውን ከሌሎች ልጆች ጋር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ የሳተውን በእግራቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቱን ጠለዝ ያደርጉት ነበር።

"አባባ ቱማስ፣ ትናንት ዜማው እንዲያ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም አሉኝ።"

ሽማግሌው ዞር አላሉም። "ማን አለ?"

"ሞርታን። በረዶው ሲወርድ ቲር እጁን እየከተተ ነበር አለኝ። ጣሪያው በበረዶ፣ ወለሉ በእግር፣ መሃሉ በአባቴ ድምፅ አለኝ።"

ውጭ ነፋሱ እንደ ደከመው ከብት ይተነፍሳል።

"እጁን አልከተተም" አሉ ቱማስ።

"እንዴት?"

"ጠፋብኝ።" ቃሉን እንደ አጥንት ከአፋቸው አወጡት። "ክሩ ተፈተለ፣ ተኩላው መጣ፣ ከዚያ የለም። ባዶ። በሕይወቴ ሆኖ አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ የጎረቤቶቼ ስም ሲጠፋኝ፣ ስም ይጥፋ፣ ዜማው አለኝ እል ነበር። ቆምኩ። በረዶው የዚያን ጊዜ ነው የወረደው፤ ጣሪያው ሲጮህ አዳራሹ ዝም ብሎ ነበር።"

"ሕዝቡስ?"

"አንድም ሰው አልሳቀም። አንድም ሰው ቀድሞኝ አላወጣም። ሁሉም አቀርቅረው ያለ ቃል እግራቸውን መቱ፣ መቱ፣ እስክነቃ ጠበቁኝ። ስላልነቃሁ ዘልዬው ቲር እጁን ካጣ በኋላ ካለው ጀመርኩ። ተቀበሉኝ። ምንም እንዳልሆነ።" ሾርባውን ከፊታቸው ገፉት። "ለማንም አልተናገሩም አይደል?"

"አንድም ሰው።"

"ደጎች ናቸው። ክፉዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።" ፊታቸውን አሁን ወደ እሷ አዞሩ። "ሰው ሁሉ ሲያቀረቅር እኔ ግን ቀና ብዬ እፈልግ ነበር። ያን አንጓ ከነመግቢያው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባርዱር፣ ከእኔ በኋላ እንዲያወጣ በአፌ ያስተማርኩት። ሁለተኛው ደግሞ በጉልበቴ ላይ ሆኖ እየሰማ ያደገው…"

ቆሙ።

አንዲት ቃል ብትናገር ሽማግሌው ይነቁ ነበር። ይበቃል አባባ፣ ማለት ብቻ። ቱሪድ አልተናገረችም። ቁልፉን በሹራቧ ላይ ይዛ ጠበቀች፤ የምታስበው ስለ እኚህ አባት ሳይሆን ስለ ራሷ ወንድም ነበር።

"ሁለቱም አልነበሩም" አሉ ሽማግሌው፣ በራሳቸው ድምፅ እንደ ደነገጡ። "በከተማ ዳኛ ፊት ልናገረው ነው?"

"አዎ።"

"ዜማው እንደ ጠፋብኝም?"

"ያለ እሱ አይቆምም አባባ ቱማስ።"

"ልጄን ትወስጃለሽ። ስሜንም ትወስጃለሽ።" ካፖርታቸውን ለማንሳት እጃቸውን ዘረጉ። "ያንቺው ልጅ ይታሰር እንዳልል፣ እሱ ምንም አላጠፋም። ያዢኝና ልነሣ።"

*

ራንቫን ደጃፏ ላይ አገኘቻት።

"አባባ ቱማስ ራሳቸው ነገሩኝ። አሁን መደበቅ የለም።"

የራንቫ ትከሻ ወረደ። "እኛ እንዴት እንንገርሽ?"

"ሲጠፋባቸው ቀኝሽን ማን ይዞሽ ነበር?"

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁላችንም። እጅ ነበር፣ የማን እንደሆነ እንጃ።"

"መጀመሪያ ላይ የሞርታን እጅ እንዴት ነበር?"

"እንደ ሁልጊዜው። ሲመታ ጣቶቹን በፕላስተር ይጠቀልላል፤ ሻካራ ነው፣ ይቧጥጣል።"

"መጨረሻ ላይስ?"

ራንቫ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ተወችው። የራሷን ቀኝ እጅ አየችው። "ባዶ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ፕላስተሩ አልነበረም። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ። ላብ መስሎኝ… ቱሪድ፣ ላብ አይቀዘቅዝም አይደል?"

*

ሞርታን አዳራሹ ውስጥ ድራሙን እየፈታ ነበር። ቱሪድ ከዛጎሎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

"ቲር እጁን አልከተተም ሞርታን።"

መፍቻው በእጁ ቀረ። ይክዳል ብላ ጠበቀች፣ ይሮጣል ብላም ጠበቀች።

"ጠፋበት?" አለ። "የቱ ጋ?"

"ክሩ ከተፈተለ በኋላ።"

"ማን አወጣለት?"

"ማንም። ያለ ቃል እግራቸውን እየመቱ ጠበቁት።"

ሞርታን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መፍቻውን እንደ ሕፃን እጅ በሁለት እጁ ያዘው።

"ይህንኑ ነበር የፈራነው፤ እኔም፣ ባርዱርም። አባቴ እንደሚረሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ባርዱር፣ 'ዛሬ አባትህ ከመሳቱ በፊት መሃል ገብቼ ዜማውን እቀበለዋለሁ፣ ሂድ ተቀመጥ እለዋለሁ' አለኝ። በሕዝብ ፊት። ሊናፈስ ሲወጣ ተከተልኩት። እስከ ክረምት ተወው ብዬ ለመንኩት። የመጨረሻው ይሁን ብዬ።"

"የእኛ ቋንጣ ቤት ምን አደረጋችሁ?"

"ሁልጊዜ ከእናንተ ነው የሚሰርቀው፤ የእናንተ ሥጋ ይጣፍጣል ይላል። እኔ ስለምነው እሱ ካራውን ከምስማሩ አውርዶ እየቆረጠ ይበላ ነበር። አፉ ሞልቶ ሳቀብኝ። 'አንተ እግር ነህ፣ እኔ አፍ ነኝ። አባትህ አፉን የሰጠው ለእኔ ነው' አለኝ። ካራውን አስቀመጠና ጣቱን ላሰ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "እውነቱን ነው እኮ። ለእሱ ነው የሰጠው።"

"ፕላስተሩስ?"

"ደም ነካው። ከነቆዳዬ ገሽልጬ ባሕር ጣልኩት።"

"ካራው የሆግኒ መሆኑን አላየህም?"

"ከወጋሁት በኋላ አየሁ።"

"ካየህ በኋላስ?"

"ተውኩት።"

"ጠዋት ካልሲ አመጣህለት።"

"አመጣሁለት" አለ ሞርታን፣ አሁን ወለሉን እያየ።

*

የጨው መጋዘኑን ስትከፍት ሆግኒ በደረቁ ካልሲ ተቀምጦ ነበር። ነገረችው። ካልሲውን አወለቀና በባዶ እግሩ ቆመ።

"አንተ አይደለህም" አለችው ደግማ፣ ያልሰማ መስሏት።

"እትዬ፣ እኔ ግን አምኜ ነበር" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ ስገድለው አይቼዋለሁ። አሁን የት ልጣለው?"

ወደ ውጭ ገፋ አደረገችው፤ ሞርታንን አስገባች፤ ቆለፈች።

ነፋሱ ወድቋል። ከደቡብ በኩል ከደመናው ሥር የሄሊኮፕተሩ ድምፅ መጣ፣ ገና እንደ ዝንብ ነው። መንደሩ በየደጁ ወጥቷል፤ ማንም ወደ መጋዘኑ አይቀርብም፤ ሁሉም አቀርቅሯል። ሽማግሌው ቱማስ ብቻ ካፖርታቸውን ለብሰው በሰዉ መሃል መሃሉን መጡ። ጣውላው በር ላይ ደርሰው ግንባራቸውን አስደገፉ። ቱሪድ ይረግሙታል ብላ ፈራች። ይምሩታል ብላ ደግሞ ይበልጥ ፈራች።

"ሞርታን።"

ጣውላውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ክሩ ከተፈተለ በኋላ" አሉ ሽማግሌው። "መግቢያው እንዴት ነው?"

ከውስጥ እግር ወለሉን መታ፤ እንደ ጭፈራው ሁለት ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ። ማንም ሲዘፍን ሰምቶት የማያውቀው የድራም መቺው ድምፅ በጣውላው ክፍተት ወጣ፤ ወፍራም፣ ያልተሰነጠቀ፣ የአባቱ የድሮ ድምፅ።

"ተኩላው ክሩን አየ፣ አሽትቶም ተጠራጠረ፤
'መያዣ የሚሆን እጅ ስጡኝ' ሲል ተናገረ።
ሁሉም እጁን ሰበሰበ፣ ምድር ምድሩን አየ፤
አንዱ ግን ቀኙን ዘርግቶ ከሌሎቹ ተለየ።"

ሽማግሌው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት። "ሁሉም እጁን ሰበሰበ፣ ሰማይ ሰማዩን…"

"ምድር ምድሩን፣ አባዬ።"

"ምድር ምድሩን።" እግራቸው በጭቃው ላይ መታ። "የሚቀጥለውስ?"

ቀጠለ። የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም፣ አንድ ቃል ሳይስት። ሄሊኮፕተሩ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ደረሰ፣ ሣሩ ተኛ፣ የሽማግሌው ካፖርት ተገለበ። አብራሪው በመስታወቱ ውስጥ ለቱሪድ ምልክት ሰጣት። ቁልፉ በእጇ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል?" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ከሞተሩ በላይ እያነሱ። "ከአንድ እስከ መጨረሻው? ለምን አልነገርከኝም?"

ከበሩ ኋላ የመጣው መልስ ዝቅ ያለ ነበርና ቱሪድ የሰማችው ከሽማግሌው ጎን ስለቆመች ብቻ ነው።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"